በመስታወት በኩል የተሳለምኩት መስቀል

ነሐሴ ፲፪፣ ሰኞ

የባለቤቴን የጤናዬን የደም ግፊት መድኃኒት ከፋርማሲ ይዤ ተመልሼ መኪናዋን ወደ ቤታችን ጋራዥ ሳስገባ፣ የቀኝ መስታወቷ የበሩን መቃን ነካና ታጠፈ። ታጠፈ እንጂ አልተሰበረም። መልሼ ዘረጋሁትና፣ ያየኝ የለም ብዬ፣ መድኃኒቱን አንጠልጥዬ ገባሁ።

መቅደላዊት መስኮቱ ጋ ቆማ ኖሯል።

ልጄ ነርስ ናት፤ ሌሊት ሠርታ ቀን ትተኛለች። በዚያ ሰዓት ምን አስነሣት?

«አባዬ፣ ይኼ ሦስተኛው ነው።»

ሦስተኛ? የጎረቤቱን የፖስታ ሣጥን ቆጥራ መሆን አለበት... እሱ እንኳ የበረዶው ጥፋት ነበር።

«ቁልፉን እኔ ብይዘው ምን ይመስልዎታል?» አለች፣ በሽተኛ በምታባብልበት በዚያ ለስላሳ ድምፅ።

ቁልፉ ለእኔ ምን እንደሆነ ታውቃለች። ዘወትር እሑድ፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ የከተማችን የአውሮራ መንገዶች ገና ባዶ ሳሉ፣ ባለቤቴን ጤናዬን ኪዳን ሳይጀመር ቤተ ክርስቲያን የማደርሳት እኔ ነኝ፤ መቅደላዊት በዚያ ሰዓት ገና ከሆስፒታል አልወጣችም፣ ባሏም ቢሆን ተሳፋሪ ሲያመላልስ የሚያነጋው አየር ማረፊያ ነው። ቁልፉ ከእጄ ከወጣ፣ አርባ ስድስት ዓመት አብራኝ የኖረችውን ሴት ወደምትወደው ቦታ ለማድረስ የሰው ፊት ማየት ሊኖርብኝ ነው።

ነሐሴ ፲፬፣ ረቡዕ

ስለ ቁልፉ ያነሣ የለም። እኔም አላነሣሁም። ኪሴ ውስጥ አለ... ደጋግሜ ዳሰስኩት።

ነሐሴ ፲፰፣ እሑድ

ዛሬ ምሳ ላይ የልጅ ልጄ ሄራን፣ በሚመጣው ወር ዐሥራ ስድስት የሚሞላትና የመንጃ ፈቃድ ፈተናዋን ከሠርግ ቀን በላይ የምትጠብቀው ሄራን፣ ዳኛ ሆና ተሾመች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኮሎራዶ ስፕሪንግስ ወዲያ፣ ሰው በገዛ መኪናው እየነዳ በአራዊት መካከል የሚያልፍበት ሰፊ ሳፋሪ አለ ይባላል። ሄራን በአሜሪካ የሠራተኞች ቀን ዕለት ውሰዱኝ ብላ ስትነዘንዝ ከረመች። እናቷ ያን ቀን ተደራቢ ፈረቃ ትሠራለች።

«እኔ እወስዳታለሁ» አልኩ።

ጤናዬ ሹሮውን ማማሰል ተወች።

«እሺ» አለች መቅደላዊት በመጨረሻ። «አባዬ ይንዱ። ሄራን አጠገባቸው ትቀመጥ። ስትመለስ፣ በደንብ ነድተዋል ካለች፣ ስለ ቁልፉ ሁለተኛ አላነሣም።»

«ካላለችስ?»

«ካላለች ይሰጡኛል።»

«ጋት ኢት!» አለች ሄራን፣ ገባኝ ማለቷ ነው። «አባባ፣ ጉቦ እቀበላለሁ እሺ? አይስክሬም።»

በሥራ ዘመኔ ስንቱን ተማሪ ፈትኜ ያሳለፍኩና የጣልኩ መምህር፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በአማርኛ በምትናገር ልጅ ፊት ለፈተና ልቀርብ ነው። ይሁን።

ነሐሴ ፳፭፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ የጎማዎቹን አየር አስሞላሁ። መስታወቶቹን ወለወልኩ። ጤናዬ ሳቀችብኝ፤ «ኧረ አንቱ፣ አራዊቱ ሊያገቡዎት ነው እንዴ?»

ነሐሴ ፳፮፣ ሰኞ

ከየት ልጀምር?

ጠዋት ሄራንን ከጎኔ፣ ጤናዬን ከኋላ አስቀምጬ በትልቁ አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ስወርድ፣ ራሴን ማመስገን ነውር ካልሆነ፣ ያለ እንከን ነዳሁ። መስመሬን ጠበቅሁ፣ ምልክት ሳላሳይ አልተሻገርኩም፣ ጥሩምባ የሚነፋብኝን ሁሉ በትዕግሥት አሳለፍኩ። ሄራን በስልኳ የሆነ ነገር ትጽፋለች። «ምን ትጽፊያለሽ?» ስላት «ነጥብህን» አለችኝ።

ከሳፋሪው በር ላይ የቆመች ወጣት ትእዛዛቱን በቃሏ ወረደችልን፦ ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ አትመግቡ፣ መስኮት አትክፈቱ፣ ከሁሉም በላይ ከመኪና አትውረዱ። ሄራን እያንዳንዱን ተረጎመችልን፤ የመጨረሻውን ሁለት ጊዜ።

እንግዲህ ገባን። ሜዳው ቢጫ ነው፣ ተራሮቹ ከሩቅ ሰማያዊ ናቸው፣ መንገዱ እንደ መቀነት ይጠማዘዛል፤ በዚያ ዝምታ ውስጥ፣ ሬዲዮውን አጥፍተን፣ ከሰው እርምጃ እምብዛም ባልበለጠ ፍጥነት እየተንፏቀቅን፣ ጥላውን ተከትሎ የሚግጠውን የሜዳ አህያ፣ የዛፍ ጫፍ በምላሱ የሚጠቀልለውን ቀጭኔ፣ የገዛ መልኩን በጎን መስታወታችን ውስጥ አይቶ በመንቁሩ የተሟገተውን ሰጎን ስናይ፣ ልቤ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሰፋ። አንድ ግመል አፍንጫውን ጤናዬ መስኮት ላይ ለጥፎ አልለቅ አለ። «ሂድ አንተ፣ የማላውቅህ!» አለችው። ሄራን በሳቅ ፈረሰች።

ከአንድ ትንሽ ቁልቁለት ላይ የመኪኖቹ ሰልፍ ቆመ። አንድ የአሜሪካ ጎሽ፣ ፀጉሩ እንደ ካባ ከትከሻው የወረደ፣ የመንገዱን መሀል ይዞ ቆሟል፤ የሚቸኩልበት ጉዳይ የለውም። ሁላችንም ጠበቅን።

ያኔ ነው ከፊታችን በቆመው ቫን ውስጥ፣ በጎን መስታወቱ፣ ነጩን ጥምጥም ያየሁት። ቀሲስ ዘውዱ! የንስሐ አባታችን፣ ከልጆቻቸው ጋር!

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ለመጻፍ ብዕሬ ያመነታል። ከልጅነቴ ጀምሮ የንስሐ አባቴን ተቀምጬ ሰላም ብዬ አላውቅም። ከበቅሎ ወርጃለሁ፣ ከአውቶቡስ ወርጃለሁ፣ አንድ ጊዜ ከሐኪም አልጋ ላይ ተነሥቻለሁ። ስለዚህ ወረድኩ። ቀበቶዬን ፈታሁ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ ወደ ቫኑ ሄድኩ። ጎሹ አንገቱን አዞረ።

ቀሲስ መስኮቱን አልከፈቱም። ዓይናቸው ፈጠጠ። በአንድ እጃቸው «ግባ! ግባ!» እያሉ፣ በሌላው ግን ልማድ ሆኖባቸው መስቀላቸውን አወጡ። እኔም ጎንበስ ብዬ፣ በወዲያ በኩል መስቀሉ ባለበት፣ በወዲህ በኩል መስታወቱን ተሳለምኩ። ሞቃት ነበር። አቧራ አቧራ ይላል።

ወዲያው የጤናዬን ጩኸት ሰማሁ።

ዞር ስል መኪናዬ ወደ ቫኑ እየመጣች ነው። ቀስ ብላ፣ ያለ ሹፌር፣ እንደ ታዛዥ ላም። ማርሹን ፓርክ ላይ አላደረግሁትም፤ እግሬን ከፍሬኑ አንሥቼ ብቻ ነው የወረድኩት። ሄራን ከጎን ወንበር ተወርውራ ማርሹን መታችው፤ መኪናዋ ተንገጫገጨችና ከቫኑ አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች።

የሳፋሪው ጠባቂ በድምፅ ማጉያ አንድ ነገር ተናገረ። መተርጎም አላስፈለገኝም። ገባሁ። ጎሹም፣ የሚታየው ትርዒት እንዳለቀ ሁሉ፣ መንገዱን ለቀቀ።

ወደ ቤት ነዳን። ኋላ ሄራን፦

«ለምን ወረድክ ግን?»

«አባታችን ናቸው። ተቀምጬ ሰላም ልበላቸው?»

«እሳቸውም እኮ ተቀምጠው ነበር!»



ቤት ልንደርስ ስንል «ለእናቴ አልነግራትም፣ እሺ?» አለች። «ሰው አልተጎዳ። ካር አልተነካ። እማማም አትናገርም።»

ሄራን እማማ የምትላት ጤናዬ ከኋላ ወንበር ሆና ወደ ውጭ ትመለከታለች።

ነሐሴ ፳፯፣ ማክሰኞ

መቅደላዊት ትናንት ሥራ ላይ ስለነበረች ፍርዱ የተሰማው ዛሬ ነው።

«ሂ ዋዝ ግሬት፣ በጣም ጎበዝ ነበር» አለች ሄራን፣ ጥራጥሬ ብስኩቷን ወተት ውስጥ እየነከረች። «ከአንቺ የተሻለ ይነዳል።»

መቅደላዊት ፊቷ በራ። በእውነት ደስ አላት። «እንኳን! እኔ እኮ ክፉ ለመሆን አይደለም፣ አባዬ...»

ቁልፉ ኪሴ ነው። አሸነፍኩ ማለት ነው? ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ አሰብኩ። መስታወት ማጠፍ የዓይን ነው፤ ዓይን በመነጽር ይታረማል። ይህ ግን ሌላ ነው። ከመኪናዋ ስወርድ ፍሬኑን ብቻ አይደለም የረሳሁት፤ እየነዳሁ መሆኔን፣ ሚስቴና የልጅ ልጄ ውስጧ መሆናቸውን ራሱ ረስቼ ነበር። ጎሹ መንገዱን ዘግቶ ባያቆመንስ? መንገዱ የሳፋሪ ሳይሆን የእሑድ መንገድ ቢሆንስ?

ማታ ጤናዬን ጠየቅኋት። «ምን ትያለሽ?»

«እኔማ ምን እላለሁ? ከኋላ ነበርኩ፤ መኪናዋ ስትንሸራተት በሩን ለመክፈት ሞከርኩ፣ ከውስጥ የማያስከፍተው የሕፃን ቁልፍ ነበረበት።»

ይህንን አላወቅሁም ነበር።

ተነሣሁ። መቅደላዊት ለሥራ ጫማዋን ስታስር ቁልፉን አጠገቧ አኖርኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ሄራን ከደረጃው ላይ ሰምታ፣ «አባባ! ሸፍኜልህ ነበር እኮ!» ብላ ጮኸች፤ የክፍሏ በር ተወረወረ።

መቅደላዊት ቁልፉን ቶሎ አላነሣችውም። «ባይነግሩኝ አላውቅም ነበር» አለች።

«እኔ አውቅ ነበር።»

ጳጉሜን ፪፣ እሑድ

ቤት ዋልን። ቅዳሴውን በስልክ ተከታተልን። ጤናዬ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ስልኩን መደርደሪያ ላይ አቁማ፣ ራሷም ቆማ አስቀደሰች። አንዴም አልተቀመጠችም።

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መስከረም ፫፣ ቅዳሜ

ሄራን አስራ አንድ ቀን ሙሉ አኮረፈችኝ። ዛሬ በሬን አንኳኳች።

«አባባ፣ ፓራለል ፓርኪንግ ታውቃለህ?»

«ጋራዥ ማስገባት አልችልም እንጂ በሁለት መኪና መሀል ማቆሙን እችላለሁ።»

ሳቀች። እናቷ ከኋላ፣ እኔ ከጎኗ ሆነን፣ የተዘጋ የገበያ አዳራሽ ሜዳ ላይ ስንሽከረከር ዋልን። እጇ ገር ነው፤ ለመቆጣት አትቸኩልም። በቆመች ቁጥር፣ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ «ፓርክ!» ትላለች ጮክ ብላ፣ በጎን እያየችኝ። መቀለዷ ነው። ይገባኛል።

መስከረም ፲፫፣ ማክሰኞ

አለፈች! አይስክሬም የገዛሁት እኔ ነኝ።

መስከረም ፲፰፣ እሑድ

ኪዳን አደርሳችኋለሁ ያለችውን ሄራንን ሌሊት ነቅቼ ጠበቅኋት፤ እንደማትነሣ እርግጠኛ ነበርኩ። እሷ ግን ፀጉሯን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ዓይኗን እያሸች፣ ከደረጃው ወረደች። «ጥያችሁ ተመልሼ እተኛለሁ» አለች። «በፈረንጅ አስር ላይ እመጣለሁ። አታስጠብቁኝ።» ጤናዬ ልብሷን ለብሳ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አልጠየቅሁም።

መንገዱ ባዶ ነበር። የምሥራቁ ሰማይ ከሜዳው ጠርዝ መቅላት ጀምሯል። ሄራን ሬዲዮ አልከፈተችም፤ እኔም ምክር አልሰጠሁም። ከኋላችን ጤናዬ ውዳሴዋን በሹክሹክታ ትደግማለች።

የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ስንገባ ቀሲስ ዘውዱ ማቆሚያውን አቋርጠው ወደ ደጀ ሰላሙ እየሄዱ ነበር። እጄ ወደ ቀበቶዬ ሄደ።

«አባባ፣ ቆይ» አለች ሄራን።

ፍሬኑን ረገጠች። ማርሹን ፓርክ ላይ አደረገች። የእጅ ፍሬኑን ሳበች። ሞተሩን አጠፋች። ቁልፉን ነቅላ፣ «ያዝልኝ» ብላ፣ መዳፌ ላይ አኖረችው። ከዚያ፣ ጥላን ልትሄድ የነበረችው ልጅ፣ የአያቷን ትርፍ ነጠላ ከኋላ ወንበር ስባ ወረደችና ወደ ቀሲስ ሄደች።

በመስታወቱ በኩል አየኋት፤ ጎንበስ ብላ ስትሳለም፣ ግንባሯን ሲነኳት። ድምፃቸው በከፊል ተሰማኝ።

«ዛሬስ ጎሽ የለም?»

«የለም አባ፣ ቼክ አድርጌአለሁ።»

ቀሲስ ሳቁ። ቀና ብለው ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔ ቀበቶዬን አልፈታሁም፣ ቁልፉ በእጄ ውስጥ ይሞቃል፤ አባቴ ቆመው፣ እኔ ተቀምጬ፣ ከወንበሬ ላይ እጅ ነሣሁ።