ጎፈሬ የተባለው ሣር

አብሮ አደጌ፣ ሰላም ነሽ ወይ?

ዛሬ በጎ ፈቃደኞች የሚንከባከቡት አትክልት ስፍራ ገባሁልሽ። ሙቀቱ በረድ፣ ቅጠሉ ቢጫ ማለት ጀምሯል፤ ንቦቹን ስንፍና ተጫጭኗቸዋል። ለጌጥ የተተከለው ሣር ከቁመቴ በልጦ ጫፉ ተንጨፍርሯል። እኛ ግቢ ቢሆን እናቴ መጥረጊያ ታደርገው ነበር።

አንዲት ጡረተኛ ነርስ አዲስ በጎ ፈቃደኛ መስያት ጓንት አስጠለቀችኝ፤ "አይደለሁም" ማለት አፈርኩ። ወዲያው አንድ ጎብኚ "ይሄ ሣር ምን ይባላል?" አይለኝም! ጫፉን አየት አድርጌ "ጎፈሬ" አልኩት። ለካ ነርሷ ከኋላዬ ቆማለች! ጓንቱን ማውለቅ ጀመርኩ።

"ተመስገን!" አለች። "እኛማ 'ያ ረጅሙ' እያልን ነው የኖርነው። ነገ መጥተህ የቀሩትንም ትነግረናለህ።"

ይሄ ካርድ ሲደርስሽ ግማሹ ሣር በአጎቶቼ ስም ይጠራ ይሆናል። ቦታ አለቀብኝ፤ ሁላችሁም ናፍቃችሁኛል። አክስቴን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ እሾሃሙን ተክል ለእሷ እንዳስቀመጥኩላት ግን እንዳትነግሪያት።