የሆዮ ሐሊማ ዓሦች

ሰኞ፣ የካቲት 2። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል

ወለሉ ተወለወለ። የዶ/ሩ ጥርስ መንቀያዎች ተቀቀሉ። በሽተኛ ገና አልመጣም። ማስመሪያውን የመስታወት ሳጥናቸው ላይ አስደግፌ ዓሦቹን ለካሁ። ሦስቱም እንዳለፈው ወር ናቸው፣ ከትንሿ ጣቴ አይበልጡም። ከመጡ ዓመት ሊሞላቸው ነው። አንዱ ጀርባው ጎብጧል።

ዶ/ር ኢስማኢል ዓሣ እንደ ቤቱ ነው የሚያድገው ይላል። ሳጥኑ ትንሽ ስለሆነ እነሱም አውቀው ማደግ አቆሙ አለኝ። ሶማሌ ነው፣ ግን ድሬዳዋ ዘመድ ቤት ስላደገ በአማርኛ መቀለድ ይወዳል። ሐረማያ ሐይቅ ዳር ዓሣ ማርቢያ ስድስት ዓመት መሥራቴን አያውቅም። ጠይቆኝም አያውቅ።

ስለ እማዬ ዛሬም አልጽፍልህም ደብተሬ። መርዶው እዚህ ሰው አገር ከደረሰኝ ወር አለፈ። እንባ የለም። እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ እተኛለሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 4። ከዙህር ሰላት በኋላ

የዶ/ሩ እናት እንደ ልማዳቸው ከበሽተኞቹ ወንበር አንዱን ይዘው ዓሦቹ ፊት ተቀምጠዋል። ሆዮ ሐሊማ ነው የምንላቸው፤ ሆዮ በሶማሊኛ እናት ነው። ዓሦቹን ከዱባይ ያስመጣላቸው ውጭ አገር ያለው የልጅ ልጃቸው ነው። እስክመጣ ክንድ ያክላሉ ብሏቸዋል። ስለዚህ በየቀኑ አደጉ ወይ ነው። አማርኛውን የለቀሙት ኢትዮጵያ ስደተኛ ጣቢያ ሳሉ ነው፣ ያግባባናል።

ዛሬ ነገርኳቸው። እዚያ ሐይቅ ዳር በአንድ ቀን የተፈለፈሉ ቆረሶ የሚባል ዓሣ ጫጩቶች በሁለት እኩል ገንዳ ከፍለን ነበር። በአንዱ ውሃ ይፈሳል፣ በሌላው ይተኛል። በተኛው ውስጥ ያሉት ቀጨጩ። ዓሣ የሚመረዘው በገዛ ቆሻሻው ነው። መስታወቱ እደግ፣ አትደግ አይልም። ግን ጥቂት ውሃ ቶሎ ይቆሽሻል፤ ጠባብ ሳጥን የሚጎዳው በዚህ ነው። የጎበጠው እንደማይቃናም አልደበቅኳቸውም።

እንግዲያው ውሃውን ቀይሪላቸው አሉ። ዶ/ሩ አይሆንም አለ። በጋ ነው፣ የውሃ ቦቴ ከመጣ ሰነበተ፣ ለበሽተኛ መጉመጥመጫ እንኳ እየቆጠብን ነው። እውነቱን ነው። ሆዮ ከእኔ ድርሻ ይቀነስ ብለው ተነሡ፤ ነገሩ አለቀ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

ጀመርኩ። በየሁለት ቀኑ ሲሶውን ቀድቼ ግቢ ላለችው ኒም ዛፍ አፈሳለሁ። ውሃው ተልባ ይመስል ዝልግልግ ብሏል፣ ይሸታል። የምጨምረው በባልዲ ክፍቱን የዋለና ያደረ ነው። ቦቴዎቹ ክሎሪን ያበዛሉ፤ ክሎሪን ዓሣ ይገድላል። ግንበኛው መጥቶ የበረንዳውን የጥይት ቀዳዳ ሲደፍን ዋለ። ሲሚንቶው እንዳይበንበት ባልዲውን በሻሽ ሸፈንኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 12

ዓሦቹ ምግብ ሲያዩ ወደ ላይ ይወጣሉ። በፊት አይወጡም ነበር። ሆዮ ሳቁ። እኔ ለመለካት ገና ነው ብዬ ማስመሪያውን አስቀመጥኩ።

እህቴ ነጃት ደወለች። ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ። እማዬ አራት ወር ታማ ስትተኛ ነጃት በስልክ ጎረቤት ሄዳለች፣ ሰላት ላይ ናት ስትለኝ ነበር። ከተቀበረች በኋላም ሁለት ወር እንደዚያው። እንዳልደነግጥ ብለው ነው። ያኔ እኔ ለእማዬ የምልከውን ልብስ ቀለም ስመርጥ ነበር። አልተቆጣሁም። ውስጤ የሚቆጣው ቦታ የት እንደሆነ ጠፍቶኛል።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ሁለቱ ሁለት ሚ.ሜ. ጨመሩ። ጎባጣው አንድ። ሦስቴ ለካሁ፣ ልክ ነው። ዶ/ሩ ማስመሪያውን ራሱ ተቀብሎ አየ። ተሸነፍኩ አለ፣ ሳጥኑን ሊያሰፋላቸውም አሰበ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21። ጠዋት

ሁለቱ ሞተዋል። ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል።

ትናንት ጁምዓ ሥራ አልገባሁም። ቦቴው መጥቶ ኖሯል። ዶ/ሩ እናቱን ላስደስት ብሎ አሮጌውን ውሃ ጠቅልሎ ደፋ፣ ሳጥኑን ቀጥታ ከቦቴው በጎማ እስከ አፉ ሞላው። ስለ ክሎሪኑ ለሆዮም ለእሱም አልነገርኩም። ለአንተ ብቻ ነው የጻፍኩት። ጎባጣው ይተነፍሳል፤ ባልዲው ውስጥ ወዳደረው ውሃ አስገባሁት።

ዶ/ሩ ፊቱ ጠቁሯል። ሆዮን ለጎረቤት ሰጠናቸው በያቸው አለኝ። ብዙ ሰው ቀብረዋል፣ ይቺን አይስሙ አለ። ራሴን ነቀነቅኩ።

በዚያው ቀን፣ 10 ሰዓት

ነገርኳቸው።

«ሁለቱ ሞተዋል ሆዮ። ዶክተር ሊያስደስትዎ ብሎ ውሃውን ቀየረ። ክሎሪኑን እንዲጠነቀቅ እኔ አልነገርኩትም።»

መስታወቱን አዩ።

«ባሌ በጦርነቱ ሲሞት ልጆቼ ዓመት ደበቁኝ» አሉ። «ዓመት ሙሉ ራቱን አስቀመጥኩለት።»

«እኔንም ደበቁኝ።»

«ማንን?»

«እናቴን።»

«ስሟ ማን ነው?»

«ፋጡማ።»

ስሟን ከአፌ ካወጣሁ ስንት ጊዜ ሆነ። ሆዮ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉላት፣ በስሟ። አሚን አልኩ። ዶ/ሩ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ገብቶ እናቱ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠ። በሶማሊኛ ያወሩትን አልተከተልኩም። ወጣሁ።

አላለቀስኩም። ስሟን ግን ይኸው እዚህ ጻፍኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 30

ጎባጣው በድምሩ ሦስት ሚ.ሜ. ጨመረ። ጀርባው እንዳለ ነው። ሆዮ ጎባጣም ሆኖ ይደግ አሉ። ውሃ ማሳደሩን ለዶ/ሩ አሳይቼዋለሁ። የት ተማርሽው ብሎ ጠየቀኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ስለ ሐይቁ ጥቂት ነገርኩት። ሁለት ሳምንት ፈቃድ ሰጠኝ። አልጠየቅኩትም ነበር።

የእማዬን ነገር በስልክ መጠየቅ አይሆንም። ሐሙስ በጠዋቱ መኪና ድሬዳዋ ነጃት ቤት እሄዳለሁ። ለነጃት አልደወልኩላትም። ብደውል ትዘጋጃለች፤ የሚነገረውንና የማይነገረውን ትለያለች። በር ላይ ቆሜ ነው የምጠይቃት። እማዬ ከታመመችበት ቀን ጀምሮ፣ ምን በላች፣ ምን አለች፣ ማን አጠባት፣ ስሜን ጠርታ እንደሆነም። ሳትነግረኝ አልቀመጥም።