አብሮ የማይዞር መሪ

ካሊዴ፣ እንዴት ነህልኝ?

እዚህ ቱሉዝ የምማርበት አዲሱ አውሮፕላን እንዴት አድርጎ እንዳናደደኝ ልንገርህ። ዛሬ ሲሙሌተር በሚባለው የበረራ መለማመጃ ውስጥ ሆን ብዬ አፍንጫውን ሽቅብ ሳብኩት። ድሮ የማበረው ቢሆን ተንቀጥቅጦ ቁልቁል ይወርድ ነበር፤ ይሄኛው ግን ኮምፒዩተሩ «ይበቃሻል» ያለኝ ይመስል ከልክሎኝ ዝም ብሎ በረረ። ደህንነቱን አላማም።

የከፋኝ ሌላ ነው። የድሮው አውሮፕላን ሁለቱ መሪዎች የተያያዙ ናቸው፤ ካፒቴኑ ሲያዞር የኔም አብሮ ስለሚዞር ሐሳቡን በእጄ አውቀው ነበር። እዚህ በየጎናችን ትንሽ እጀታ አለች። እሱ የሱን ሲያነቃንቅ የኔዋ በድን ናት። አስተማሪያችን «በአፍ ተነጋገሩ እንጂ ከእጅ ምንም አትጠብቁ» ይለናል።

መንዳት ስታስተምረኝ ትዝ ይልሃል? በላዳህ ከማዘጋጃ ቤት ቸርችልን ቁልቁል ስንወርድ፣ ከጎኔ ሆነህ አንድ እጅህን መሪው ላይ ታሳርፍ ነበር። መፍራቴን ሳልነግርህ ታውቀው ነበር።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እናትህን ጉልበታቸውን ሳምልኝ። ሳልመጣ ላዳዋን እንዳትሸጣት! ስመጣ ቸርችልን እኔ ነኝ የምነዳው፤ አንተ ግን እጅህን ከመሪው እንዳታነሳ።

ምኞት