ከስልኩ ፊት መነሣት ስለሚከለክለው ትምህርትዎ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የርቀት ትምህርት ክፍል ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ለእርስዎና ለባልደረቦችዎ ሙሉ ጤንነት፣ ዐይኑን ከሰው ፊት ለማይነቅለው ካሜራዎም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ስለሆንኩ የምጽፈው ቀስ ብዬ ነው፤ ደግሞም አሁን ቤት ውስጥ የሚያጣድፈኝ ሰው የለም።

ሐኪሞቹ ልጄ እንደማትድን ሲነግሩኝ፣ በሽተኛ እቤቱ ሆኖ ሥቃዩ እንዲቀልለት አስታማሚዎችን በስልክ የሚያስተምር ነገር ማምጣትዎን ሰማሁ። ከሆስፒታል ለራቅን ሰዎች ደጃችን ድረስ መጡልን ብዬ መረቅኩዎት። ምርቃቴን አልመልስም፤ የሚከተለውን ብቻ ልጨምርበት።

አንደኛ፤ ተማሪው እንዳያጭበረብር ካሜራው ፊት ይጠብቃል፤ ፊት ካጣ ትምህርቱ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል። ብልህ ሐሳብ ነው። በሽተኛን ስለማገላበጥ የሚያስተምረውን ክፍል ስጀምር ልጄ ጎኗን አመማትና ላገላብጣት ተነሣሁ። ተመልሼ ስቀመጥ አስተማሪዋ ነርስ እንደ አዲስ «እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ። እንዲህ ሰላም ስንባባል ሰነበትን፤ የእርሷን ያህል የተቀበለኝ ዘመድ የለኝም።

ሁለተኛ፤ ትምህርቱን ላልጨረሰ አስታማሚ የሕመም ማስታገሻው ሽሮፕ አይሰጥም። ስለዚህ ልጄ ባቃሰተች ቁጥር ወይ ተነሥቼ እጇን መያዝ፣ ወይ ለሽሮፑ ስል ሳልነሣ መስማት ነበረብኝ። ለእናት እንዲህ ያለ ምርጫ ማቅረብ ለሁሉም ሰው የሚሰጥ ጥበብ አይደለም።

መላ ያገኘችው ልጄ ናት። «እማዬ፣ ስልኩን ወደ እኔ አዙሪው፤ እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድ» አለችኝ። ካሜራው ፊት መኖሩን እንጂ የማን መሆኑን አይጠይቅም ነበርና፣ በትራስ ደግፌ አስቀመጥኳት፤ እሷ ስታይ እኔ እየሰማሁ እግሯን አሸሁላት። ትምህርት ቤት ሳለች እንደዚያ አርፋ ተቀምጣ አታውቅም። ሲብስባት እንኳ ፊቷን ሳታዞር «ይቺ ሴትዮ ወሬ አያልቅባትም እንዴ?» እያለች ታስቀኝ ነበር። ነርሷ በጉልበቶች መሐል አድርጉ ስላለችን ትራስ ግን፣ ይህን ያለ ፌዝ ነው የምለው፣ አመሰግናለሁ። ልጄ በዚያ ትራስ እንቅልፍ አግኝታለች።

ሦስተኛ፤ በከፍተኛ ውጤት አለፍን። ምስክር ወረቀቱ ላይ የወጣው ፎቶ ግን የልጄ ነበር። ሽሮፑን ልቀበል ስሄድ የመድኃኒት ቤታችሁ ሠራተኛ ፎቶውንም እኔንም አየና የሠለጠነችው አስታማሚ ራሷ እንድትመጣ አዘዘኝ። አስታማሚዋ አልጋ ላይ ናት፣ በሽተኛዋም እሷው ናት ብዬ ብነግረው፣ አንድ ሰው ሁለቱንም መሆን እንደማይችል በትሕትና አስረዳኝ። እቤት ገብቼ ስነግራት ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ሕመሙ ያዛት። ሽሮፑን ሳትቀምስ ሄደች።

አሁን ጎረቤቴ አናጢው ለሚስቱ ሲል ትምህርቱን ጀምሯል። ግድግዳችን ስስ ነው፤ ሴትየዋ ታቃስታለች፣ እሱ ይነሣል፣ ከዚያ ያ «እንኳን ደህና መጡ» ይሰማኛል። ስለዚህ የምለምንዎ ይህን ብቻ ነው፤ ሰውየው ሲነሣ ትምህርቱ ይጠብቀው፣ ሽሮፑ ግን ትምህርቱን አይጠብቅ።

ደንብዎን አክብሬ፣ ይህን ሁሉ ስጽፍ ከወንበሬ ያልተነሣሁት፣
የጎበዟ ተማሪዎ እናት

ማሳሰቢያ፤ ትናንት ክፍልዎ ለልጄ መልእክት ልኮላታል። በተከታዩ ትምህርት ከካሜራው ፊት ስለጠፋች ከተማሪዎች መዝገብ ልትሰረዝ መሆኑን ገልጾ፣ በቂ ምክንያት ካላት እንድታቀርብ ይጠይቃል። ምክንያቷን ከላይ ጽፌዋለሁ፤ በቂ መሆኑን እርስዎ ይወስኑልን።