ዝግጁ የተባለው ዶዘር

ጥቅምት 6 ቀን 1977፣ ናዝሬት

ጠዋት እንደተለመደው የማሽን ምደባ ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። አረንጓዴ ካርድ... ዝግጁ። ቀይ... ሥራ ላይ። ለተበላሸ ማሽን ቀለም የለንም። አለቃዬ አብተው፣ "ተበላሸ ካልክ ማን ሰበረው ይሉሃል። አሻጥር ይሆናል" ይላል። ስለዚህ ከክረምት ጀምሮ ፓምፑ ወልቆ የቆመው ዶዘር አረንጓዴ ነው። ሥሩ ዶሮዎች ይተኛሉ። ዝግጁ!

ጥቅምት 9

ዶዘሩን ከላይ ለአዳሚ ቱሉ የመስኖ ቦይ ቁፋሮ መደቡት። ለኦፕሬተሩ ለነጋሳ ነገርኩት። ሳቀ።

"ጋሼ፣ እየገፋሁት ልሂድ?"

ሚስቱ ኢፍቱ ወሯ ገብቷል። እንዴት ይስቃል?

ጥቅምት 12

ስብሰባ። የፓርቲው ተወካይ ጓድ ጉደታ ቦዩ ለምን እንዳልተጀመረ ጠየቀ። አብተው ጫማውን ያያል። አላስቻለኝም።

"ዶዘሩ አይሠራም።"

አሻጥር ይላል ብዬ ጠበቅሁ። የባሰ መጣ።

"እንግዲያው ኦፕሬተሩ ሥራ ፈት ነው። ለሰፈራው ዘመቻ መተከል ይሂድ።"

ጭብጨባ። እኔም አጨበጨብኩ? አዎ... እጆቼ አስጠሉኝ።

ጥቅምት 13

ምሳ አልበላሁም።

ጥቅምት 14

ኢፍቱ ቢሮ ድረስ መጣች። ወንበር ሰጠኋት፣ አልተቀመጠችም።

"እውነቱን የተናገሩት እርስዎ ነዎት አሉኝ። ማንን ጠቀመ?"



ስትወጣ ጉደታ ዘንድ ሄድኩ። "ያንን ዶዘር ፈትቶ የሚጠግን ነጋሳ ብቻ ነው" አልኩ። ውሸት። ብሎን ፈትቶ አያውቅም።

"ይቅር እሺ። በምትኩ ሰው አምጣ።"

ማንን? የማንን ቤት ላንኳኳ?

"እኔ አለሁ።" ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

"ጀግና!" ብሎ ትከሻዬን መታኝ። ሸሚዜን ቀይሬ እንኳ መዳፉ አልለቀቀኝም።

ኅዳር 8፣ መተከል

ሙቀት። ዝንብ። ከናዝሬት የመጣ ሾፌር ነገረኝ... ኢፍቱ ሴት ልጅ ወልዳለች። ነጋሳ እዚያው አብሯት ነው።

እዚህም ምደባ ላይ ነኝ፤ አሁን የሰው። ዛሬ የሰፈራ ጣቢያው ኃላፊ፣ "ለጎጆ ሥራ ስንት ሰው አለህ?" አለኝ። ቁጥር ምላሴ ላይ ነበር።

"ልጠይቃቸው።"

"ማንን?"

"ሰዎቹን።"

እንደ ዕብድ አየኝ።

ከአንድ ዛፍ ሥር ጋደም ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። ከወሎ የመጡ።

"አባባ፣ መሥራት ይችላሉ?"



"ልጄ፣ ይህ አገር ማን ይባላል?"

እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም። አጠገባቸው ተቀምጬ ነገርኳቸው።