በመዝገብ አለች

ለተከበሩ የመለዋወጫ ዕቃዎች አቅርቦትና ሥርጭት ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ልባዊ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ወገብዎ፣ ጉልበትዎ፣ በተለይም እግሮችዎ እንደምን አሉ? ከደብዳቤው አናት ላይ «ባሉበት» ብዬ የጻፍኩት እንደ ሌላው ሰው ለወጉ ያህል አይደለም። በሁለት ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ሠላሳ ስድስት ጊዜ ወደ ቢሮዎ መጥቼ፣ ሠላሳ ስድስቱንም ጊዜ በተገረበበው በር በኩል ኮትዎን ወንበርዎ ላይ ተሰቅሎ አይቼ እርስዎን ግን ሳላይ ስለተመለስኩ፣ የት እንዳሉ በእውነት ስለማላውቅ ነው። ኮትዎ ደህና ነው። ልብስ ሰፊ ነኝና የግራ እጅጌው ገበር መተርተሩን ከሩቅ አስተውያለሁ፤ ቢልኩልኝ በማግስቱ ሰፍቼ እመልስልዎታለሁ፤ በእኔ ቤት ተራ መጠበቅ የለም።

በእናንተ ፋይል ውስጥ «የአመልካች ተወካይ» እባላለሁ። አመልካቹ ታላቅ ወንድሜ ነው፤ እኔ «ወንድም ጋሼ» እለዋለሁ፣ እሱ ደግሞ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሞልቶኝም «አንቺ ልጅ» ይለኛል። ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት በሕመም ምክንያት ሁለቱም እግሮቹ ከጉልበት በታች ደነዘዙ፤ እጆቹ ግን እንደ ቀድሞው ናቸው፣ ፀጉር የምታህል ሽቦ ያለ መነጽር ይበይዳሉ። ከቤታችን እስከ ሱቁ ለጤነኛ ሰው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ ይህንን መንገድ ከአምስት ዓመት በላይ ያመላለሰችው ከጎኗ መቀመጫ ጋሪ የተገጠመላት አሮጌ ሞተር ሳይክላችን ነበረች። ነጂዋ እኔ ነበርኩ። ቀሚሴን ሰብስቤ ስነዳ ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ለመደ፣ በመጨረሻም ጋሪው የልብስ ማጠቢያ ይመስላል ብሎ ሞተሯን «ገንዳዋ» አላት። ወንድም ጋሼም ጫማውን አስሮ በሩ ሥር ተቀምጦ፣ «አንቺ ልጅ፣ ገንዳዋ አልሞቀችም?» እያለ ጠዋት ጠዋት ያስቸኩለኝ ነበር።

ሱቁ በር ላይ ስንደርስ ማንም አይነካውም። በሁለት እጁ ከጋሪው ራሱን ያነሣና ደጁ ላይ ባለው ወንበሩ ላይ ያርፋል፤ ቁልፉን ከእኔ ይቀበልና ራሱ ይከፍታል። «ሥራዬ ስገባ ራሴን ችዬ ልግባ» ይላል። ስለዚህ በሰው ጀርባ ታዝሎ መሄድን አንድም ቀን አልተቀበለም፤ ታክሲ ውስጥም ቢሆን ሰው አንሥቶ ካላስገባው አይገባምና እሱም ቀረ። ይህንን የምነግርዎ፣ የጠየቅንዎት ነገር ምን እንደነበር በፋይሉ ላይ «ብረት፣ አንድ ፍሬ» ተብሎ ብቻ ስለተጻፈ ነው።

አንድ ማክሰኞ ዳገቱ ወገብ ላይ ገንዳዋ አጓርታ ቆመች። በሰፈራችን «ቀስ በሉ» የምንለው መካኒክ የማርሽ ሳጥኗን ፈትቶ፣ ዙሪያዋን ሃያ ሁለት ጥርስ ያላት፣ መዳፍ የማትሞላ ክብ ብረት አወጣ፤ ሁለት ጥርሷ ረግፏል። «ሌላው ሁሉ ጤነኛ ነው፤ ይቺ ከተገኘች ሌላ አሥር ዓመት ትሄዳለች» አለን። ፋብሪካው ይህንን ሞዴል መሥራት ካቆመ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ ተራርፎ የቀረውን መለዋወጫ የማስመጣት ሥልጣን ያለው ደግሞ የእርስዎ ክፍል ብቻ ነው። እንግዲህ የዋላችሁልንን ውለታ እንዳልዘነጋው በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

1ኛ. ስለ ጥንቃቄያችሁ አመሰግናለሁ። በመጀመሪያው ቀን የአራተኛው መስኮት ወይዘሮ፣ የሚታዘዘው ዕቃ እንዳይሳሳት የተሰበረችውን ብረት ለናሙና እንዳስቀምጥ በትሕትና ጠየቁኝ። እኔም በነጭ ጋዝ አጥቤ፣ ከሸሚዝ ጫፍ በተረፈች ሰማያዊ ቁራጭ ጨርቅ ጠቅልዬ አስረከብኩ፤ ማኅተም ያለበት ደረሰኝም ተሰጠኝ። ዕቃ እንዲህ በሥርዓት የሚይዝ መሥሪያ ቤት ሰው አያጉላላም ብዬ ደስ እያለኝ ተመለስኩ። ወንድም ጋሼ ደረሰኙን በሁለት እጁ ይዞ አነበበውና ትራሱ ሥር አኖረው።

2ኛ. ስለ ምክራችሁ አመሰግናለሁ። ጉዳያችን «በሂደት ላይ ነው» ተባልን፤ ከዚያ «ዛሬ ነገ ይደርሳል» ተባልን፤ ከዚያም እንደገና በሂደት ላይ ሆነ። በአሥራ አንደኛው ምልልሴ ወይዘሮዋ አዝነውልኝ መሰለኝ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉኝ። ይህንን ለወንድም ጋሼ ብነግረው ጥቂት አሰበና፣ «እንቁላሉ ከእኔ ቀድሞ ከደረሰ ሱቁን ይክፈትልኝ በያት» አለ። በዚያን ጊዜ ገና ይቀልድ ነበር።

3ኛ. ስለ ቶርኖ ቤቱ ደግሞ ማመስገን ያለብኝ እናንተን ይሁን ራሴን አላውቅም። መጠበቁ ሲመረን መካኒኩ አስቀርጸን እንሞክር አለ፤ ቶርኖ ቤቱም ናሙናዋን አምጡ አለን። ናሙናዋ እናንተ ዘንድ ናት። ለአንድ ቀን እንድታውሱን ብለምን፣ በገቢ የተመዘገበ ዕቃ ያለ ወጪ ትእዛዝ አይወጣም ተባልኩ። በግምት የተቀረጸችው ብረት እስከ ዳገቱ ሥር ድረስ ብቻ ወሰደችን፤ እዚያ ጥርሷ ተበላ። ወንድም ጋሼ በዚያ ቀን ጋሪው ውስጥ ዝናብ እየመታው አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቀ፤ ጥላዬን ስሰጠው ለሞተሯ እንዳደርገው በእጁ አመለከተኝ።

4ኛ. ይኸኛው እንኳ ምስጋናም ክስም አይደለም፤ ቁጥሩ ስለደረሰ ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ወንድም ጋሼ በየጠዋቱ ይላጫል፣ ጫማውን ያስራል፣ ከእናንተ ዘንድ ስመለስም «ዛሬስ?» ይለኛል። ከዚያ መላጨቱን ሳይተው ጫማውን ተወ። ሱሪዎቹን ሁለት ጊዜ አጠበብኳቸው፤ ሁለተኛውን ጊዜ ለመለካት አቁሜ ስደግፈው ክብደቱ አልተሰማኝም። ሠላሳ ዓመት የሰው ሬዲዮ ያናገረ ሰው የራሱን ሬዲዮ ዘጋው። አንድ ቀን ደግሞ ስመለስ «ዛሬስ?» አላለኝም፤ እኔም አልነገርኩትም፤ ራት በልተን ተኛን። የደነዘዙት የእሱ እግሮች ነበሩ፤ አሁን ግን መደንዘዙ ወደ እኔም አልፏል። ባለፈው ሳምንት መርፌ ጣቴን ወግቶኝ ያወቅኩት ደሙን ጨርቁ ላይ ካየሁ በኋላ ነው። በእርስዎ ላይ ልቆጣም ሞክሬ ነበር፤ ቁጣው አልመጣም፤ ምናልባት እሱም በሂደት ላይ ይሆናል።

5ኛ. ስለ ብሥራታችሁ አመሰግናለሁ። ባለፈው ወር በእርስዎ ፊርማ ደብዳቤ ደረሰን፤ ዕቃው በግምጃ ቤት መኖሩ ስለተረጋገጠ «ባለንብረቱ ከነተሽከርካሪው በአካል ቀርበው እንዲረከቡ» ይላል። ለማመልከት ተወካይ ይበቃል፣ ለመረከብ ግን አይበቃም አሉኝ። ባለንብረቱ አካሉን ለማምጣት ዕቃው ያስፈልገዋል፣ ዕቃውን ለማግኘት ደግሞ አካሉ ያስፈልገዋል ብዬ በትሕትና ባስረዳ፣ ይህ የሚመለከተው ሌላ አካል ነው ተባልኩ። ስለዚህ ገፋን። ወንድም ጋሼ ተላጨ፣ ጫማውን አሰረ፣ ጋሪው ውስጥ ገባ፤ ቀስ በሉ ከኋላ፣ እኔ ከጎን፣ ጎረቤታችን ግንበኛው ከፊት መሪዋን ይዞ፣ ሞተሯን ከነሰውየው ሁለት ሰዓት ሙሉ በእጃችን ገፋናት። በሱቁ በር ስናልፍ ወንድም ጋሼ አንገቱን አላዞረም። እናንተ ዘንድ ስንደርስ መስኮቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ ሰው ወደ ታች ወርዶ ቢያየው ምን አለበት ብንል፣ በደጅ መታየት በአካል መቅረብ አይባልም ተባልን። ጥበቃውና ግንበኛው በጥበቃው ወንበር ላይ አስቀምጠው ከነወንበሩ ተሸክመው ሃያ ሰባት ደረጃ አወጡት። ለሥራው እንኳ መታዘልን እምቢ ያለ ሰው፣ ደረጃው እስኪያልቅ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። እኔ ደረጃውን እየቆጠርኩ ከኋላ ወጣሁ።

6ኛ. ስለ ዕቃው አመሰግናለሁ። ወንድም ጋሼ ሦስት ቦታ ፈረመ፤ ከዚያ የታሸገ ካርቶን ሰጡን። ስከፍተው ቀድሞ ያወቅኩት ብረቱን ሳይሆን ጨርቁን ነው። ሰማያዊ፣ ጠርዙን ራሴ የዘመዘምኩት። ውስጡ ዘይት የተቀባች፣ ቁጥር በአንገቷ የተንጠለጠለላት፣ ሁለት ጥርሷ የረገፈ ያቺው ብረት ተኝታለች።

ወይዘሮዋ አልደነገጡም፤ በክፋት እንዳልሆነም አይቻለሁ። መዝገቡን ወደ እኔ አዙረው በጣታቸው እየተከተሉ አስረዱኝ፤ ናሙናዋ የገባች ዕለት በገቢ ደረሰኝ ስለተመዘገበች በግምጃ ቤቱ «አንድ ፍሬ» ሆና ትቆጠራለች፤ በመመሪያው መሠረት ደግሞ በግምጃ ቤት ያለ ዕቃ ከውጭ አይታዘዝም። «እህቴ፣ ምን ላድርግ፣ በመዝገብ አለች» አሉኝ። እውነትም አለች፤ ያማረ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ ተራ ስንጠብቅ የነበረው የራሳችንን ስብራት መልሰን ለመረከብ ኖሯል። ወንድም ጋሼ ብረቷን ተቀበለኝና የረገፈውን ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «እንኳን ደህና መጣሽ» አላት። ይቀልድ ይሆን ብዬ ፊቱን አየሁት፤ አልለየልኝም።

በመልሱ መንገድ ሱቁ ጋ ስንደርስ ግን እጁን አነሣ፤ ቆምን። «አንቺ ልጅ፣ ቁልፉን ይዘሻል?» አለኝ። ክቡር ሆይ፣ ያ ቁልፍ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ከመለኪያ ሜትሬ ጋር አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል፤ ስተኛ ብቻ ነው የማወልቀው። በዚያን ዕለት በእናንተ ፊት ደህና ሰው ልምሰል ብዬ ሜትሩንም ቁልፉንም ስፌት መኪናዬ ላይ ትቼ ነበር የመጣሁት። አልያዝኩም አልኩት። «ግድ የለም» አለ፤ እጁን ወደ ጋሪው መለሰ። ገፋን። በማግስቱ አልተላጨም። እኔ ቁልፉን መልሼ አንገቴ ላይ አጥልቄዋለሁ፤ በየጠዋቱ እንዲታየው ከልብሴ በላይ አደርገዋለሁ፤ እስካሁን ግን አልጠየቀኝም።

ሌላ የማስቸግርዎ ነገር የለኝም። እንደምን ናችሁ ብለው ባይጠይቁንም መልሱን ላስቀምጥልዎ፤ እየገፋን ነው።

ኮትዎን የማውቅ እርስዎን ግን የማላውቅ፣ በፋይልዎ ተወካይ፣ በቤቴ «አንቺ ልጅ»፣ ቀድሞ የገንዳዋ ነጂ አሁን ገፊ የሆንኩ፣ ሠላሳ ሰባተኛውን ምልልሴን በዚህ ወረቀት ያደረግኩ አክባሪዎ

ልብስ ሰፊዋ

ግልባጭ፦ ለሚመለከተውም ለማይመለከተውም አካል

ማስታወሻ፦ ከተረከብንበት ወረቀት ጀርባ፣ አዲስ ዕቃ የወሰደ ሰው አሮጌውን በአሥር ቀን ውስጥ ካልመለሰ ዳግመኛ ማመልከት እንደማይችል ተጽፎ አገኘሁ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ አልመልሳትም፤ ከመለስኳት ትመዘገባለች፣ ከተመዘገበች አለች፣ ካለች ደግሞ አትታዘዝም። ከእርስዎ የምለምነው ሦስት ፊደል ብቻ ነው፤ በመዝገቡ ላይ «የለም» ብለው ይጻፉልን። በዚያው እጅዎም ስለ ኮትዎ ያስቡበት። እኛ በደረጃው የወጣን ዕለት ኮትዎ እንደተለመደው ወንበሩ ላይ ነበር፤ ወይዘሮዋም «ኃላፊው አሉ» ብለውናል። አሁን ሳስበው እርስዎም እንደ ብረታችን በመዝገብ አሉ፤ ስለዚህ በምትክዎ ሌላ ኃላፊ ሊታዘዝልን አይችልም።