የአንድ ሰዓት ሐዘን

ማክሰኞ፣ ሔሽቫን 18

ዛሬ ሳሎኔ ኦሪት በማስተምራቸው ሴቶች ሞልቶ ወንበር ከመኝታ ቤት አመጣሁ። ትምህርቱ ስለ ሣራ ሞት ነበር። አብርሃም ይስሐቅን ሊሠዋው ወሰደው የሚል ወሬ ሰምታ ነፍሷ ወጣች ይላሉ የጥንት መምህራን። ልጁ መትረፉን የሚነግራት ሳይደርስላት። «ስለዚህ» አልኳቸው፣ «ስልካችሁ ላይ የመጣውን ሁሉ ለሰው አትላኩ። ወሬ ይገድላል።» ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። መሃል ላይ ሳይረን ጮኸ፣ ደረጃ ሥር ተጠጋግተን ቆየንና ተመለስን። የት ላይ እንዳቆምኩ ማንም አልረሳም። ደስ አለኝ።

እማማ ፎርቱና ግን አልነበሩም። ሃይፋ ሆስፒታል ናቸው፣ ልባቸውን ነገ ከነገ ወዲያ ይከፍቱላቸዋል። ከሥሬ ያለው ቤታቸው ጭር ሲል ሕንፃው ሁሉ ጭር አለብኝ። ባለፈው ሳምንት «መምህርት፣ ሣራ በዘጠና ዓመቷ ወለደች፣ አንቺ በሃምሳ ስምንትሽ ደረጃ መውጣት አቃተሽ» ብለው ሴቶቹን አሳቁብኝ።

ልጃቸውን ራሃሚምን ደረጃው ላይ አገኘሁት። የሚነዳውን አውቶቡስ አሳድሮ ንጹህ ፎጣ ሊወስድላቸው መጥቶ ነው። «እናቴ የሆስፒታሉ ሾርባ እጣቢ ነው ትላለች፣ እባክሽ አንድ ነገር ሥሪላት» አለኝ። ነገ እሠራለሁ።

ረቡዕ፣ ሔሽቫን 19

ራሃሚም ሞተ። ሚሳይሉ የወደቀው አውቶቡሶቹ የሚያድሩበት ግቢ ላይ ነው። ሾርባው ገና ምድጃ ላይ ነበር።

ዓርብ፣ ሔሽቫን 21

ትናንት ቀበርነው። ዝናብ። ሴቶች ራቅ ብለን ቆምን። ወንዶቹ አካፋውን ከእጅ ወደ እጅ አልተቀባበሉም፤ አንዱ መሬት ላይ ይሰካዋል፣ ሌላው ያነሣዋል። ሐዘንን ለሰው አያቀብሉም። ከዚያ ረቢው እንደ ወጉ በእናቱ ስም ጠራው። «ራሃሚም፣ የፎርቱና ልጅ!» ፎርቱና ያኔ ቀዶ ጥገና ላይ ነበሩ።

ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። ለቅሶ የሚቀመጡለት እህቱ ማዛልና እናቱ ብቻ ናቸው። ማዛል ቀሚሷ ለሐዘን ወግ ደረቷ ላይ እንደተቀደደ ክንዴን ያዘችኝ። «ሐኪሙ አሁን ብትነግሯት ትሞትባችኋለች አለ። ምን ላድርግ ዮኸቬድ? አንቺ የምታውቂውን ንገሪኝ።»

ለረቢው ደወልኩ። «መንገር ግዴታ አይደለም» አለኝ። «ግን ፊት ለፊት ከጠየቁሽ አትዋሺ።» ይህን እኔም አውቀዋለሁ። አንድ ነገር ግን እኔ ጨመርኩ፣ ከራሴ። መርዶ ከሠላሳ ቀን በኋላ የደረሰው ሰው ሰባት ቀን መሬት አይቀመጥም። አንድ ሰዓት ብቻ። ለማዛል ስነግራት «አንድ ሰዓት? ያንንስ ልቧ ይችለዋል» ብላ አለቀሰች።

ሕጋችን ምን ያህል አዛኝ ነው ብዬ አሰብኩ። ሌላ ሰው ይህን ያስብላቸው ነበር? እኔ ነኝ ያሰብኩላቸው።

እሑድ፣ ሔሽቫን 23

ሆስፒታል ሄድኩ። ማዛል ለቅሶ ላይ ናት፣ ከቤት አትወጣም። እማማ ዓይናቸውን እንደገለጡ፦

«ራሃሚም የት አለ?»

«መምጣት ቢችል ኖሮ አንድ ቀን አይቀርም ነበር፣ እማማ።»

«ማዛልስ?»

«ከቤት መውጣት አትችልም።»

«ሁለቱም በአንድ ጊዜ?» ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩ። «በዚህ ዕድሜው ለጦርነቱ ጠርተውት ይሆናል። ሽበቱን አያዩም እንዴ እነዚህ?»

አላረምኳቸውም። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። ዝምታስ ውሸት ነው? ሾርባውን በማንኪያ አጎረስኳቸው። እስከ መጨረሻው ጠጡት።

ሐሙስ፣ ሔሽቫን 27

እማማ ነገ ከሆስፒታል ይመጣሉ። ከሕንፃው በር ላይ ጥቁር ዳር ያለውን የሞት ማስታወቂያ በቢላ ፋቅሁት። አንዱ ጥግ አልለቅ ብሎ «ራሃ» የሚለው ቀረ፣ እሱን በጥፍሬ። ባለ ሱቁን፣ ጎረቤቶቹን፣ የምኩራቡን ጠባቂ አስጠነቀቅሁ። የቴሌቪዥናቸውን ገመድ ነቀልኩት። ስልካቸውን ማዛል ወስዳ «ሆስፒታል ጠፋ» ልትላቸው ነው። ይህ ጥርት ያለ ውሸት ነው። ለረቢው አልደወልኩም።

ማክሰኞ፣ ኪስሌቭ 2

ሐኪሙ አያቸው። ኮሪደር ላይ «ልባቸው ከኔ ልብ ይሻላል፣ አሁን ንገሯቸው» አለን። ማዛል «ዛሬውኑ እንንገራት፣ ፊቷን ማየት አቃተኝ» አለች።

እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። «አሁን ከሰሙ ሰባቱን ቀን መሬት ላይ ናቸው። ይህን ያህል ታግሰን? ሠላሳው ይለፍ።»

ማዛል አመነችኝ። ሰው ሁሉ ያምነኛል።

እሑድ፣ ኪስሌቭ 7

ዓርብ ከሰዓት የሰንበት ዓሣቸውን በቀይ በርበሬና በነጭ ሽንኩርት ሠሩ። ቤቱ በመዓዛው ታወደ። ድሮ ራሃሚም ሻማ ከመብራቱ በፊት ደውሎ «ጭንቅላቱ የኔ ነው፣ ማንም እንዳይነካብኝ!» ይላቸው ነበር። ጭንቅላቱን በሳህን ከድነው አስቀመጡለት። «ከጦሩ ቢለቁት፣ ካለበት ቢመጣ» አሉ።

ሰንበት ሲወጣ ሳህኑን ለኔ ሰጡኝ። «ብዪው፣ ይበላሻል።» ቤቴ ወስጄ በላሁት። ምን ላድርግ? ጥዬው ኖሮ ቢያዩትስ? ጣፋጭ ነበር… በልቼ ስጨርስ ቆሜ አለቀስኩ።

ሳይረን ከቆመ ሰነበተ። ሰው ሁሉ በሰላም ተኛን ይላል። እኔ አልተኛሁም።

ማክሰኞ፣ ኪስሌቭ 16

ዛሬ እማማ ፎርቱና ደረጃውን በራሳቸው ወጥተው ትምህርት መጡ። ሴቶቹ እንደ ሙሽራ ተቀበሏቸው። የሴቶቹ ቀልብ ግን ሌላ ቦታ ነው፣ የራሃሚምን ሞት ሁሉም ያውቃሉ።

የሳምንቱ ምንባብ ዮሴፍ ነው። ልዘለው አልቻልኩም፣ ኦሪት አይዘለልም። ወንድሞቹ ልብሱን በደም ነክረው ለአባታቸው ላኩ፣ ያዕቆብ ልብሱን ቀደደ። ወንዶች ልጆቹና ሴቶች ልጆቹም ሁሉ ሊያጽናኑት ተነሡ ብዬ ሳነብ እማማ እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ ቆይ፣ መምህርት። የሚያጽናኑት እነዚያው የዋሹት ናቸው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ውሃ እያቀበሉት? ትራሱን እያስተካከሉለት?»

«…ሊሆን ይችላል።»

«እንዴት አፋቸው ቻለ?» ብለው ዞር ዞር ብለው አዩን። «ደግሞ ያዕቆብስ ምን ነካው? የወለዳቸውን ልጆች ፊታቸውን አይቶ አያውቅም?»

አንዷ ውሃ ልጠጣ ብላ ተነሣች፣ ሌላዋ ተከተለቻት። ለሁሉ ነገር ጥቅስ የማላጣው እኔ መጽሐፉን ዘጋሁ። «ለዛሬ ይበቃናል» አልኩ። ግማሹን እንኳ አላነበብንም።

ዓርብ፣ ኪስሌቭ 19

ሠላሳው። በጠዋት መቃብሩ ዘንድ ሄድን። የሥራ ጓደኞቹ በአውቶቡስ መጡ። አንዱ ሾፌር ራሃሚም አሮጊት ባየ ቁጥር ማቆሚያ በሌለበት እንዴት እንደሚቆም፣ ተሳፋሪው ሲጮህበት «እናትህ ብትሆንስ?» እንደሚል አወራ። ሳቅን፣ አለቀስን። ረቢው በዝማሬ ጠራው፣ «ራሃሚም፣ የፎርቱና ልጅ!»

ወደዚያ ልሄድ ከቤት ስወጣ እማማ ደጃፋቸው ላይ ነበሩ። ዓሣ ይዘው። «ወዴት ነው በጠዋት?» አሉኝ። ጉዳይ አለኝ አልኳቸው። «ቶሎ ተመለሽ፣ ሰንበት ይገባብሻል።»

እሑድ፣ ኪስሌቭ 21

ነገርናቸው።

ከቁርስ በኋላ ገባን። ማዛል አፏ ተያዘ። እኔ ነኝ ያልኩት። «እማማ፣ ራሃሚም አርፏል።»

አልጮኹም። «መቼ?» አሉ።

«ሔሽቫን ላይ። እርስዎ ሆስፒታል እያሉ።»

«አሁን ምን ወር ነው?»

«ኪስሌቭ።»

ቀስ ብለው ሁለት እጃቸውን ወደ አንገትጌያቸው አነሡ። ልብሳቸውን ሊቀድዱ። እኔ… እጃቸውን ያዝኩት። «እማማ፣ ከሠላሳ ቀን በኋላ አይቀደድም» አልኩ። ይህን እጄን ምን ላድርገው? የእናት እጅ ያዝኩ።

ያመጣነው ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ጫማቸውን አወለቅንላቸው። ቤቱ ውስጥ ሦስታችን ብቻ። ልባቸውን እንዳያስጨንቁ ብዬ ጎረቤቶቹን አትምጡ ብያለሁ። አንድ ሰዓት። የግድግዳውን ሰዓት አየሁት። እሳቸው እያዩኝ፣ እኔ ሰዓት አየሁ።

ሲሞላ ማዛል ልታነሣቸው እጇን ዘረጋች። «እማ፣ በቃ፣ ተነሺ። ሕጉ…»

«ወዴት ነው የምነሣው?» አሉ። «ከሞተ አንድ ሰዓቱ ነው። ለኔ ዛሬ ነው የሞተው።»

«ለልብሽ ብለን ነው፣ እማ።»

«ለልቤ! ሰፈሩ ሁሉ አልቅሶለት ጨርሷል፣ አሁን ለኔ ከማን እንባ ልበደር? እናንተ እርማችሁን አውጥታችኋል። እኔ ዓሣ ስጠብስ! ሰባት ቀን ሰው እየገባ እየወጣ፣ አንዱ ‹እንዲህ ብሎኝ ነበር›፣ ሌላው ‹እንዲህ አድርጎልኝ ነበር› ብሎ ልጄን የሚያወራልኝን… ማን በላብኝ?» ከዚያ ወደኔ ዞሩ። «ጠርጥሬ ነበር። ግን ዮኸቬድ አትዋሽም፣ ኦሪት ታስተምራለች አልኩ።»

«እማማ፣ እኔ አልዋሸሁም…»

«እሱማ መች ዋሸሽ። ውጪልኝ።»

ሰኞ፣ ኪስሌቭ 22

ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው። በርጩማው ላይ ናቸው። አልተነሡም፣ «ሌሊቱንም እዚያው ነበረች» አለችኝ ማዛል። አንገትጌያቸው ተቀዷል። እስከ ደረታቸው።

ለቅሶ ደራሽ ሐዘንተኛው ሳይናገር አፉን አይከፍትም፣ ይህም ሕጋችን ነው። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። አልተናገሩም። አልተናገርኩም። ሲመሽ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኪስሌቭ 23

ለሴቶቹ ትምህርት የለም አልኳቸው። እስከ መቼ አሉኝ። እንጃ። ሁላችሁም ወደ ታች ውረዱ፣ ከእማማ ፎርቱና ጋር ተቀመጡ አልኳቸው። አንዳንዶቹ «ሕጉ አንድ ሰዓት አይደል እንዴ?» አሉኝ። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ።

ያንንም ሾፌር ፈልጌ አመጣሁት። የማቆሚያውን ታሪክ በርጩማው አጠገብ ተንበርክኮ ደገመው። እማማ በእጃቸው «ቀጥል» አሉት። እኔን አላዩኝም።

ረቡዕ፣ ኪስሌቭ 24

ዛሬ ማታ የሐኑካ በዓል ሻማ ይበራል። በጠዋት ሄጄ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ማዛል ወጥ ቤት ነበረች። እማማ ድንገት ተናገሩ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ሲቀብሩት በማን ስም ጠሩት?»

«በእርስዎ፣ እማማ። ‹ራሃሚም፣ የፎርቱና ልጅ› ተባለ።»

«ጮክ ብለው?»

«ጮክ ብለው።»

«ያኔስ ልቤ ተከፍቶ ነበር። በሠላሳውስ?»

«በሠላሳውም ጠሩ።»

«እኔ የት ነበርኩ?»

ሌላ መልስ ነበረኝ። መዓት መልስ አውቃለሁ፣ አንዱም ውሸት ያልሆነ። «እዚሁ ነበሩ» አልኩ። «ድነው ነበር። ለሰንበት ዓሣ እየሠሩ። ደጃፍ ላይ ወዴት ነው ሲሉኝ ወደሱ እየሄድኩ ነበር። እንዳይነገርዎት ያልኩትም እኔ ነኝ። ሐኪሙ ንገሯቸው ብሎ ነበር።»

ይቅርታ ልላቸው ነበር፣ ግን ምን ያደርግላቸዋል? ዋጥኩት።

«ጫማዬን አቀብዪኝ» አሉ።

አጠለቅኩላቸው። በአውቶቡስ ሄድን፣ ራሃሚም ይነዳበት በነበረው መስመር። ማዛል አንድ ክንዳቸውን ያዘች። ሌላውን ልይዝ ስል አልከለከሉኝም፣ አልተደገፉብኝም። መቃብሩ ገና አፈር ነው፣ ስሙ የተጻፈበት ትንሽ ቆርቆሮ ቆሞበታል። ማንበብ ስለማይችሉ በጣታቸው ዳበሱት።

«ረቢው እንዳለው በዪልኝ» አሉኝ። «ጮክ ብለሽ።»

ጮክ ብዬ ጠራሁ።

«ራሃሚም፣ የፎርቱና ልጅ!»

«አቤት» አሉ።